የሄርፒስ ቁስል በልጆች ላይ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

የልጅ አፍ ሲቆስል ወይም ከንፈሩ ዳር ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ሲወጣ፣ ወላጅ ቀድሞ የሚጠይቀው ምን እንደሚቀባ ነው። መንስኤው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የተባለው ቫይረስ ከሆነ ግን ከቅባቱ በፊት የልጁን ዕድሜና ቁስሉ የወጣበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል፤ በትልቅ ልጅ ከንፈር ላይ ወጥቶ በራሱ ጊዜ የሚድነው ቫይረስ፣ የሁለት ሳምንት ጨቅላን ከያዘ ለሞት ሊያበቃው ይችላልና።

አንደኛው የቫይረሱ ዓይነት በአብዛኛው በልጅነት በምራቅና በመሳሳም ይተላለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2020 ባወጣው ግምት መሠረት፣ በዓለም ላይ ከ50 ዓመት በታች ከሆኑት ሰዎች 64 በመቶ ያህሉ ይህን ዓይነት ይዘውታል። ብዙዎቹ ምንም ምልክት ስለማያሳዩና ቫይረሱ ቁስል በሌለበት ጊዜም በምራቅ ስለሚወጣ፣ «ለልጁ ያስተላለፈው ማን ነው?» እያሉ በቤተሰብ ውስጥ ጥፋተኛ መፈለግ ቅያሜ ከማትረፍ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ከፍተኛ ትኩሳት፣ የሚደማ ድድ፣ ምግብና ውሃ እምቢ ማለት

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለ ልጅ ላይ እነዚህ ምልክቶች አብረው ከታዩ፣ ልጁን ቫይረሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞት ሊሆን ይችላል። ትኩሳቱ ቁስሉን ቀድሞ ስለሚመጣ ብዙ ወላጆች ጥርስ እያበቀለ ነው ብለው ያልፉታል። ጥርስ ማብቀል ግን ከፍተኛ ትኩሳት አያመጣም። ቀጥሎ ድዱ ቀልቶ ያብጣል፣ ሲነካም ይደማል፤ በምላሱ፣ በከንፈሩና በጉንጩ ውስጥ የሚወጡት ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ፊኛዎች ፈንድተው ዙሪያቸው የቀላ ቢጫማ ቁስል ይሆናሉ። ልጁ መዋጥ ስለሚያመው ለሃጩን ያዝረበርባል፣ የአፉ ጠረን ይለወጣል፣ በአገጩ ሥር ያሉት ዕጢዎችም ያብጣሉ። ቁስሉ በጉሮሮው መግቢያ ላይ ብቻ ከሆነ ወይም በእጁና በእግሩ ላይም ሽፍታ ካለ መንስኤው ሌላ ቫይረስ የመሆኑ ዕድል ይሰፋል፤ ያለ ትኩሳት የሚታይ ነጭ ሽፋን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው።

ሕመሙ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ በራሱ ይድናል። ልጁን ሆስፒታል የሚያስገባው በአብዛኛው ባለመጠጣቱ የሚመጣው የፈሳሽ እጥረት ስለሆነ፣ የወላጅ ዋና ሥራ ማጠጣት ነው። በክብደቱ መጠን የተለካ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ፣ ሕመሙ ረገብ ባለበት ሰዓት ቀዝቀዝ ያለ ፈሳሽ በማንኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በየጥቂት ደቂቃው ጠብ ማድረግ፣ አንድ ብርጭቆ በግድ ለማስጨረስ ከመታገል በእጅጉ ይሻላል። ጎምዛዛ፣ ጨዋማና ትኩስ ነገር ያቃጥለዋልና ይቅርበት። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፤ ማደንዘዣ ያለው የአፍ ቅባትም ሲዋጥ ለትንንሽ ልጆች አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠቀም አይገባም። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። አሳይክሎቪር የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ግን ሕመሙ በጀመረ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ የሕመሙን ጊዜ ስለሚያሳጥር፣ ሐኪም ዘንድ በጊዜ መሄድ ዋጋ አለው። ልጁ ለስምንት ሰዓት ያህል ካልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ከፈዘዘ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ይወሰድ።

በከንፈር ዳር እየተመላለሰ የሚወጣ ሽፍታ

ብዙ ሰው ምች የሚለው ይህ ሽፍታ ተመልሶ የሚመጣው፣ ቫይረሱ ከመጀመሪያው ሕመም በኋላ ከሰውነት ስለማይወጣ ነው። ፊትን በሚያገለግለው ነርቭ ሥር ተደብቆ ይቆይና በትኩሳት፣ በብርቱ ፀሐይ፣ በድካም ወይም በጭንቀት ጊዜ ይቀሰቀሳል። ለፀረ ቫይረስ ቅባት የሚሻለው ጊዜ ቦታው ገና መቆጥቆጥ ሲጀምር ነው፤ ፊኛው ከወጣ በኋላ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ፀሐይ የሚቀሰቅስበት ልጅ ለከንፈሩ የፀሐይ መከላከያ ያስፈልገዋል። በዚህ ሽፍታ ምክንያት ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግም፤ በመጀመሪያው ሕመም ለሃጩን መቆጣጠር ያቃተው ሕፃን ግን ቁስሉ እስኪድን ከሌሎች ሕፃናት ጋር ባይውል ይመረጣል።

ጣት፣ ችፌ ያለበት ቆዳና ዓይን

አውራ ጣቱን የሚጠባ ልጅ ቫይረሱን ወደ ጣቱ ሊያሻግር ይችላል። ጣቱ ቀልቶ ፊኛ ሲያወጣ መግል የያዘ ይመስላል፤ ሆኖም መበጣት የለበትም። ችፌ ባለበት ልጅ ላይ ደግሞ ክብ ክብ፣ እኩል መጠን ያላቸውና የተቦረቦሩ የሚመስሉ ቁስሎች በድንገት ከተዛመቱ በዕለቱ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመው ወይም ብርሃን ከፈራ የዓይን ሐኪም ሳያየው ስቴሮይድ (መቅላትንና እብጠትን የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ ፈጽሞ አይጨመርበት፤ ቫይረሱን አባብሶ የዓይኑን ብርሃን ሊጎዳ ይችላል።

ጨቅላ ሕፃን

በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ያለ ሕፃን ትኩሳት ወይም የሰውነት መቀዝቀዝ፣ ጡት እምቢ ማለት፣ መፍዘዝ፣ መንቀጥቀጥ ወይም አንዲት ፊኛ እንኳ ከታየበት ሐኪም ሳያየው ማደር የለበትም። ሽፍታ አለመኖሩ ቫይረሱ አለመኖሩን አያሳይም። ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ አሳይክሎቪር ሲሆን፣ ሕመሙ በቆዳ፣ በዓይንና በአፍ ከተወሰነ 14 ቀን፣ አንጎልን ወይም የውስጥ አካላትን ከነካ ቢያንስ 21 ቀን ይወስዳል።

ቫይረሱ ጨቅላውን የሚይዘው በአብዛኛው በወሊድ ጊዜ ነው፤ አደጋው የሚበረታውም እናት የብልት ሄርፒስ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት ሲይዛት ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ያለባትን ወይም የነበረባትን ቁስል ለሐኪሟ ሳትሸሽግ ትንገር፤ በምጥ ጊዜ ቁስል ካለ በቀዶ ሕክምና መውለድ ሕፃኑን ይጠብቀዋል። ከንፈሩ የቆሰለ ሰው፣ አያትም ቢሆን፣ ጨቅላ አይሳም። ይህን ለዘመድ መናገር ቢከብድም መናገር ይገባል። እናትየዋ ራሷ ከንፈሯ ቢቆስል እጇን ታጥባና አፏን ሸፍና ማጥባቷን ትቀጥል፤ ማጥባት የምታቆመው ቁስሉ ካለበት ጡት ብቻ ነው።

በልጅ ብልት አካባቢ የሚታይ ቁስል

ልጁ ከገዛ አፉ በእጁ አሻግሮት ሊሆን ይችላል፤ ጾታዊ ጥቃት ደርሶበትም ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ሆኖ አንዱን መደምደም ልጁን ይጎዳል። ሳይቆጡትና በጥያቄ ሳያስጨንቁት ወደ ሕፃናት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

በማንኛውም ዕድሜ ትኩሳት ያለበት ልጅ ንግግሩ ወይም ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ፣ ከተደናገረ ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ ቫይረሱ አንጎሉን ነክቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከንፈሩ ላይ ቁስል ኖረም አልኖረም በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።