ጋሪው ወደ ጎን ሲስብ፦ ባለ ሦስት ጎማ የልጅ ጋሪ በሐዋሳ መንገድ፣ ችግርና መፍትሄ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር አንዲት እናት አየሁ። ባለ ሦስት ጎማ የልጅ ጋሪ ትገፋለች። ጋሪው ወደ ግራ ይሄዳል፣ እሷ ወደ ቀኝ ትጎትተዋለች። "ተበላሽቷል፣ ልሸጠው ነው" አለችኝ። የግራውን የኋላ ጎማ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። እንደ ሊጥ ገባልኝ። ጋሪው አልተበላሸም። ንፋስ ነው ያነሰው።

ይህን የጻፍኩት በዚያች እናት ምክንያት ነው። እኔም ሁለት ልጆቼን ከሰው እጅ በገዛሁት አንድ ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ነው ያሳደግኳቸው። የማውቀውን አብዛኛውን ያስተማረኝ የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ችግር ይዤ በሄድኩ ቁጥር "እቴ፣ መጀመሪያ ጎማውን እዪ፣ ብረቱን በኋላ ትወቅሺዋለሽ" ይለኛል። እውነቱን ነው። ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ከብስክሌት ጋር ዝምድና አለው። በ1984 እ.ኤ.አ. ፊል ቤክለር የሚባል አሜሪካዊ ከልጁ ጋር መሮጥ ፈልጎ ነው በልጅ ጋሪ ላይ የብስክሌት ጎማ የገጠመው። ስለዚህ ሐኪሙም ብስክሌት ጠጋኙ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ ብስክሌት ጠጋኝ ፈልጎ ማጣት የለም።

ወደ አንድ ጎን ይስባል

መጀመሪያ መንገዱን ጠርጥሩ። አስፋልት ውሃ እንዲወርድለት ሲባል መሃሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ዳር ዳሩን ከሄዳችሁ ደህናው ጋሪም ወደ ቦዩ ይስባል። ልጁን አውርዱና ጋሪውን ሜዳ በሆነ ሲሚንቶ ወለል ላይ አቁሙት። ቀስ ብላችሁ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። ሦስት አራት ሜትር ቀጥ ብሎ ከሄደ ጤነኛ ነው።

እዚያም ከሳበ የሁለቱን የኋላ ጎማዎች ንፋስ አስተካክሉ። የላላው ጎማ ወዳለበት በኩል ነው የሚስበው። ንፋሱ እኩል ሆኖም ከቀጠለ የፊቱን ጎማ አውጥታችሁ እንደገና ግጠሙት። ለመኪና ለመጫን ጎማው ወልቆ ሲመለስ ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ሙሉ በሙሉ አይገባም፣ በዓይን የማይታይ ጥመት ይቀራል። ጋሪውን በእግሩ አቁማችሁ፣ ማለትም ጎማው ሁሉ መሬት ነክቶ፣ ከላይ ጫን ብላችሁ ነው ማጥበቅ ያለባችሁ። ከዚህ በኋላም ከሳበ ብዙ ጋሪዎች የፊት ጎማው አጠገብ የማቃኛ ብሎን አላቸው። ሩብ ዙር ብቻ አዙሩ፣ ፈትኑ፣ ከባሰበት ወደ ሌላው በኩል መልሱ። በአንዴ ሙሉ ዙር ያዞረ ሰው የት እንደነበረ ይጠፋበታል።

የፊቱ ጎማ ይርገፈገፋል

ቀስ ስትሉ ደህና ነው፣ ፈጠን ስትሉ ግን የፊቱ ጎማ ግራ ቀኝ እየተወራጨ እጃችሁን ያንቀጠቅጠዋል። ይህ የሚመጣው ዙሪያውን በሚዞር የፊት ጎማ ላይ ነው። እንዲዞር ተለቆ ስትፈጥኑ መርገፍገፉ አይቀርም። መቆለፊያውን አስገቡና ቀጥ አድርጉት። ገበያ ውስጥ ይለቀቅ፣ በረጅሙ መንገድ ላይ ይቆለፍ። ለሩጫማ ሁልጊዜ ይቆለፍ።

ተቆልፎም ከተርገፈገፈ ጋሪውን ከፊት አንሱና ጎማውን በእጃችሁ ግራ ቀኝ ነቅንቁት። "ቀጭ ቀጭ" የሚል ክፍተት ካለው ወይ ማጥበቂያው ላልቷል፣ ወይ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት፣ ውስጡ ኳስ ያለው ቀለበት) አልቋል። የመጀመሪያውን ራሳችሁ ታጠብቃላችሁ። ሁለተኛውን ጠጋኙ ያወጣዋል። ላዩ ላይ ቁጥር ስላለው ያንኑ ቁጥር መግዛት ነው።

ጎማው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል

የሐዋሳ ወላጅ ትልቁ ምሬት ይህ ነው። ምክንያቱም ግራር ነው። በሐይቁ ዙሪያ የምንቀመጥበት ጥላ እሾሁን መሬት ላይ ይጥላል። እሾሁ ደርቆ ነጭ ሲሆን ከአሸዋው ጋር ይመሳሰላል። ለትልቅ ጎማ ምንም አይደለም፣ ለቀጭኑ የጋሪ ጎማ ግን መርፌ ነው።

የውስጡን ጎማ አውጡና ንፋስ ሞልታችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩት። አረፋ የሚያወጣበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፣ አድርቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉና በማስቲሽ ለጥፉ። እስከዚህ ሁሉም ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የውጪውን ጎማ ከውስጥ በኩል በጨርቅ ዙሪያውን ዳብሱት። በባዶ ጣት አይሆንም፣ ይወጋችኋል። የእሾሁ ጫፍ እዚያው ተሰንቅሮ ካለ በማግስቱ አዲሱን ልጥፍ ይበሳዋል። እኔ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ያስጠገንኩት አንድ እሾህ ነበር። ጨርቁ ሲይዝልኝ ወሬው አለቀ።

ቀዳዳው ከውጪ ሳይሆን ከውስጥ፣ በቸርኬው (ጎማው በሚቀመጥበት የብረት ቀለበት) በኩል ከሆነ ግን ጥፋተኛው እሾህ አይደለም። የራጁ፣ ማለትም ቸርኬውን የሚወጥረው ቀጭን ዘንግ፣ ጫፍ ወይም የብረቱ ስለት ነው የሚበላው። ቸርኬው ላይ የሚጠመጠመው የጎማ ጥብጣብ ተቀዷል ማለት ነው፣ ያስቀይሩት። አረፋ የሚወጣው በቫልቮላው (ንፋስ በሚሞላበት አፍ) ሥር ከሆነ ደግሞ ልጥፍ አይይዝም። አዲስ የውስጥ ጎማ ግዙ። ውጪ አገር ማስላክ አያስፈልግም። የውጪው ጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን ልክ አንብቡ። ብዙ ጋሪዎች የልጆች ብስክሌት ልክ የሆነውን 12 ወይም 16 ኢንች ነው የሚጠቀሙት። የብስክሌት መለዋወጫ ያለበት ሱቅ ውስጥ ይገኛል።

ንፋስ ስትሞሉ አንድ ነገር አደራ። የመኪና ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አታስነፉት። የጋሪ ጎማ የሚይዘው አየር ጥቂት ስለሆነ በሁለት ሰከንድ ከልኩ ያልፋል፣ ይፈነዳል። የእጅ መንፊያ ይበቃል። ልኩ ጎማው ላይ ተጽፏል፣ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የሚል ጣሪያ ታገኛላችሁ። እኔ ኮብልስቶን ላይ ስሄድ ከጣሪያው ትንሽ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ልጁን ያን ያህል አያነጥረውም።

ፍሬን ተይዞም ጋሪው ይሄዳል

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ጋሪውን የሸጠልኝ ሰው "ፍሬኑ ምንም አይለውም" ብሎኝ ነበር። እኔም በሳሎን ወለል ላይ ሞከርኩና አመንኩ። በሳምንቱ ሐይቁ ዳር መሬቱ ወደ ውሃው ዘንበል ካለበት ቦታ ላይ ፍሬኑን ረግጬ የውሃ ጠርሙስ ለማንሳት ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ጋሪው ሁለት እርምጃ ሄዷል። ልጄ ውስጡ ነበረች። የያዝኩት በእጀታው ጫፍ ነው። ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይገለባበጣል።

የአብዛኛው ጋሪ ፍሬን የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ፔዳሉን ስትረግጡ ከኋላው ዘንግ ላይ ያሉ ሁለት ችንካሮች በጎማው እምብርት ዙሪያ ወዳሉት ቀዳዳዎች ይገባሉ። ቀዳዳው ውስጥ ጭቃ ደርቆ ወይም ጠጠር ተወትፎ ከሆነ ችንካሩ ጫፉ ብቻ ነው የሚገባው። የኔም እንደዚያ ነበር። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በውሃ አጸዳሁት፣ ያዘ። ቀዳዳው ንጹሕ ሆኖም አንዱ ጎማ ብቻ ከያዘ ሁለቱን የሚያገናኘው ሽቦ ላልቷል። ማጥበቂያው በሽቦው ጫፍ ላይ ያለች የምትዞር ነገር ናት። ችንካሩ ራሱ ተበልቶ ከዶለዶመ ግን በሽቦ ማሰርም፣ በብየዳ ማስረዘምም አይሆንም። ክፍሉ ይቀየር። ካልተገኘ ጋሪው ልጅ አይጫንበት።

መፈተኛው ቀላል ነው። አሥር ኪሎ ዱቄት አስቀምጡበት፣ ዳገት ላይ አቁሙት፣ ፍሬኑን ረግጣችሁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ግፉት። ከእጀታው ላይ የሚንጠለጠለውን የእጅ ማሰሪያም ተጠቀሙበት። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ታቦር ተራራ ግርጌ ቁልቁል ስትወርዱ ግን እጃችሁ ቢያዳልጥ ጋሪውን የሚያስቀረው እሱ ብቻ ነው።

ይገለበጣል

ወደ ኋላ ከተገለበጠ እጀታው ላይ ያንጠለጠላችሁትን ፌስታል እዩ። ልጁ ሲነሳ የፊቱ ክብደት ይጠፋና የሽንኩርቱ ክብደት ጋሪውን ይጥለዋል። ዕቃ ከመቀመጫው ሥር ባለው ቅርጫት ነው የሚቀመጠው።

ወደ ጎን የሚገለበጠው ደግሞ የፊቱ ጎማ አንድ ስለሆነ ነው። አንዱ ሲሰምጥ የሚያግዘው ሌላ የለም። የቦይ ክዳን ላይ ያለውን ክፍተት በአግድሙ ተሻገሩ፣ ከክፍተቱ ጋር አብራችሁ አትሂዱ። የእግረኛ መንገድ ላይ ስትወጡ እጀታውን ወደ ታች ጫን ብላችሁ የፊቱን ጎማ አንሱና አስቀድሙት። ስትወርዱ ዞራችሁ የኋላዎቹን አስቀድሙ። ልጁ ሁልጊዜ በአምስቱም ማሰሪያ ይታሰር፦ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ወገብ፣ አንድ በእግሮቹ መካከል። "እዚህ ቅርብ ነው" ተብሎ የሚዘለል አይደለም።

ልጁ ያለቅሳል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ያልበዋል

ብዙዎቻችን ፀሐይ እንዳይነካው ብለን ነጠላ ወይም ፎጣ እናለብሰዋለን። ከፍቅር ነው። ግን የተሸፈነ ጋሪ ውስጥ አየር አይዘዋወርም፣ ሙቀቱ በፍጥነት ይጨምራል። ስስ ጨርቅም ቢሆን ያው ነው፣ ልጁንም ከዓይናችሁ ይጋርደዋል። ጃንጥላ ያዙለት፣ ወይም የጋሪውን ጥላ ብቻ ሳቡ፣ ፊቱ ክፍት ይሁን። ሰዓቱን ምረጡ። እኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው የምወጣው። የማሰሪያውን ብረት ልጁን ከማስቀመጣችሁ በፊት በእጃችሁ ንኩት፣ ፀሐይ ላይ የቆመ ብረት ጭን ያቃጥላል። አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ትንኝ ስለሚበዛ የአጎበር ዓይነት መረብ አልብሱት። መረብ አየር ያሳልፋል።

ለቅሶው ኮብልስቶን ላይ ብቻ ከሆነ መንገዱ ነው የሚያስለቅሰው። ቀስ በሉ። አዲስ የተወለደ ልጅ ደግሞ አንገቱ አልጸናም፣ ተዘርግቶ በማይተኛ ጋሪ ውስጥ ቁጭ መደረግ የለበትም። ከጋሪ ጋር መሮጥ ልጁ ቢያንስ 6 ወር ሳይሞላው አይታሰብም፣ ከሞላው በኋላም ሐኪሙን ጠይቁ። እስከዚያ አንቀልባ አለ። እናቴ ጋሪውን አይታ "ልጅ ጀርባ ላይ ነው" ስትለኝ ተከራክሬያት ነበር። ኮብልስቶኑን ሳየው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ልክ ነበረች።

ትንንሾቹ

ሲጢጥ ይላል፦ አሸዋ ገብቶበታል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ሲሊኮን እርጩበት። የምግብ ዘይት አታድርጉ፣ አቧራ ሰብስቦ ከበፊቱ ያብሳል። ጎማውን በቧንቧ ኃይል አትጠቡት፣ ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል።

አልታጠፍ ይላል፦ መገጣጠሚያው ውስጥ ብስኩትና አሸዋ አለ፣ በብሩሽ ይወጣል። አታስገድዱት። ስታጥፉና ስትዘረጉ ልጁ ራቅ ይበል፣ ጣት የሚቆርጥ ቦታ ነው። ሲዘረጋ "ቀጭ" ማለቱን ሳትሰሙ ልጅ አታስቀምጡ።

ይሸታል፦ ዝናብ መቶት እርጥቡን ታጥፏል። ጨርቁን በለብታ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ዘርግታችሁ አድርቁ። ማሰሪያው ላይ በረኪና አታድርጉ፣ ክሩን ያደክመዋል።

ገና ካልገዛችሁ

የምትሄዱበትን መንገድ አስቡ። ቤታችሁ ኮብልስቶን ወይም አፈር ላይ ከሆነ ንፋስ የሚሞላ ትልቅ ጎማ ግዙ፣ እሾሁን ትታገሱታላችሁ። አስፋልትና ገበያ ብቻ ከሆነ የማይተነፍሰው ድፍን ጎማ ይቀላል፣ ግን ያነጥራል። የፊቱ ጎማ ሁለቱንም የሚችል፣ የሚዞርም የሚቆለፍም ይሁን። ፈጽሞ የማይዞረው ለሯጭ ጥሩ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ግን በየመታጠፊያው ማንሳት አለባችሁ።

ከሰው እጅ ስትገዙ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የግቢ በራችሁን ስፋት ቀድማችሁ ለኩ፣ የኋላ ጎማዎቹ ሰፊ ናቸው። ብየዳው ያለበትን ቦታ ሁሉ በጣታችሁ እየዳበሳችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ማሰሪያውን አስራችሁ በኃይል ሳቡት። ፍሬኑን ዳገት ላይ ሞክሩ እንጂ በሳሎን ወለል አትመኑ። ከዚያ ጋሪውን አጥፉትና ባጃጅ አስቁማችሁ ከኋላ መግባቱን እዩ። እኔ ይህን ሳላደርግ ገዝቼ ለአንድ ዓመት ያህል የፊቱን ጎማ እያወለቅኩ ነው የተሳፈርኩት።