ድሬዳዋ ላይ የሞዴል ባቡር ክበብ ለማቋቋም ለምታስቡ

ከባቡሩ አትጀምሩ። ብዙ ሰው ክበብ ሲባል ቀድሞ የሚታየው ውጭ አገር ያለች እህቱ የምትልክለት የሚያብረቀርቅ ሎኮሞቲቭ ነው። ሎኮሞቲቩ ይመጣል፣ ሳሎን ውስጥ ክብ ሐዲድ ላይ ሁለት ቀን ይዞራል፣ ከዛ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። አለቀ። ክበቡን የሚያቆየው አምስት ስድስት ሰው በየቤቱ የሠራው ቁራጭ መስመር ቅዳሜ ተሰብስቦ ሲቀጣጠል ልክክ ብሎ መግጠሙ ነው።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ሞዴል ባቡር ማለት እውነተኛውን ባቡር በአንድ ቋሚ ስኬል አሳንሶ መሥራት ነው። ሐዲዱም፣ ፉርጎውም፣ ጣቢያውም፣ ሰዉም እኩል ይቀንሳል። መጫወቻ ነው ብሎ የሚስቅባችሁ ይኖራል፤ አትከራከሩት፣ መጫወቻም ነው። አናጢነት፣ ኤሌክትሪክ፣ ሥዕልና ታሪክ የሚጠይቅ መጫወቻ ነው እንጂ።

ርዕስ ፍለጋ ደግሞ ሩቅ መሄድ የለብንም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በሱ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት በ1907 ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተረከበና ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ሆነ። ሥራው እንደገና እስኪቀጥል ድረስ የመስመሩ መጨረሻ ድሬ ነበረች። የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ጣቢያው፣ ትልቁ የጥገና ጋራዥ፣ ሁሉም ከሐዲዱ ጋር የመጡ ናቸው። ሐረሮች ቅር አይበላችሁ፣ የመጀመሪያው ሐሳብ ባቡሩን እናንተ ጋ ማድረስ ነበር፤ ተራራው አስቸገረና ቆላውን ይዞ አለፈ። ከሐረር የሚመጣ አባል ካለ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ከነፔጆ ታክሲው ይሥራልን፣ ከጣቢያው ጀርባ በጣም ያምራል።

ማንን ትጠራላችሁ?

በመጀመሪያ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኞችን። ለገሃሬና ከዚራ አካባቢ ጠይቁ፤ ራሱ ባይሆን አባቱ ወይ አጎቱ ባቡር ላይ የሠራ ሰው አታጡም። ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ የድሮ ፎቶ አትማችሁ ያዙ። «ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?» ብላችሁ ፎቶውን ዘርጉላቸው፣ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መስማት ነው። የውሃ ታንከሩ በየት በኩል እንደነበር፣ ፉርጎ እንዴት እንደሚቀጠል፣ ሲመሽ ፋኖሱ እንዴት እንደሚወዛወዝ ይነግሯችኋል። በወሬያቸው መሃል የፈረንሳይኛ ቃል ጣል ያደርጋሉ፤ እንዳለ ጻፉት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የክብር አባል ብላችሁ ጥግ አታስቀምጧቸው። ሥራ ስጧቸው። ዕድሜውን ሙሉ ፍሬን ሲያስተካክል የኖረ ሰው የእናንተን ፉርጎ አንድ ጊዜ ገፋ አድርጎ የትኛው ጎማ እንደያዘ ይነግራችኋል።

ሁለተኛ፣ ሞባይልና ሬዲዮ የሚጠግን ልጅ። የብየዳ ካውያ በደንብ የሚይዝ አንድ ሰው ከሌለ ክበቡ አይሄድም። ሦስተኛ፣ እንጨት የሚሠራ። ሥዕል የሚችል ከተገኘ ደግሞ ጥሩ። የቀረው ማንም ይሁን፣ ተማሪም ነጋዴም፤ ሥራው ያስተምረዋል።

ቦታና ሰዓት

ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። በድሬ ሙቀት እንጨቱ ይጣመማል፣ ፕላስቲክ ፉርጎም ይጎብጣል፣ እናንተም ትቀቀላላችሁ። ኮርኒስ ያለው፣ ዛፍ የሚያጠላበት፣ ቢቻል ወፍራም ግድግዳ ያለው የድሮ ቤት ተመራጭ ነው። የትምህርት ቤት ክፍል ወይም የወጣቶች ማዕከልም ይሆናል። መጀመሪያ ላይ በእነሱ ጥላ ስር ሆናችሁ ብትሠሩ ይሻላል፤ ማኅተምና ደብዳቤ ለማግኘትም ይቀላል።

ሰዓቱን ለሁሉም በሚመች አድርጉት። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አለ። ቅዳሜ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐዩ በረድ ይላል፣ ያን ያዙ። የበርጫ ሰዓት ላይ ከጣላችሁት ሰው አይመጣም፤ ቢመጣም ወሬው እንጂ እጁ አይሠራም። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ይሁን፣ ማታው ቀዝቃዛ ስለሆነ እንዲያውም ከሌላው ጊዜ የበለጠ ይሠራል።

ስኬሉን አንዴ ወስኑ

እኔ የምመርጠው ኤችኦ የሚባለውን ነው፣ 1 ለ87። አንድ ሰው ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው፣ አሮጌውም በርካሽ ይገኛል። ለኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የኤችኦ መደበኛ ሐዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ87 ብታባዙት 1,435 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ ይህም የአዲሱ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ስፋት ነው። የድሮው መስመር ግን ልክ 1 ሜትር ነው፣ ስለዚህ በዚሁ ስኬል 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። እሱም ይሸጣል፤ የስዊዘርላንድ ተራራ ባቡሮች በአብዛኛው 1 ሜትር ስለሆኑ የሚሠራላቸው አለ። ዋጋው ግን አይቀመስም። በ16.5ቱ ጀምሩ፣ የድሮውን ባቡር መልክ በቀለምና በካርቶን አምጡት፣ 12ቱ ገንዘብ ሲገኝ ይደርሳል። ልኩ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል አባል አይጠፋም፤ ያው እሱ ይግዛው።

ከውጭ ዘመድ ሲልክ ሦስት ነገር አስረግጣችሁ ንገሩት። ሐዲዱ 16.5 ይሁን። በሁለት ሐዲድ የሚሠራ፣ ባለ 12 ቮልት ዲሲ ይሁን፤ ማርክሊን የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ኤችኦ ባቡሮች ኤሌክትሪክ የሚወስዱት በሁለቱ ሐዲድ መሃል ከተደረደሩ ነጥቦች፣ እንደ ሦስተኛ መስመር ስለሆነ ከሌላው ጋር አይሄዱም፣ ጥሩ ዕቃ ቢሆኑም ለእናንተ ራስ ምታት ናቸው። ሦስተኛ፣ ከአሜሪካ የመጣ ትራንስፎርመር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ የኛ ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ጭስ ብቻ ነው የምታዩት። ትራንስፎርመሩን እዛው ተወው በሉት።

ዋናው ነገር፦ ቁራጩ

እያንዳንዱ አባል አንድ ቁራጭ ሰሌዳ ይሠራል። 1 ሜትር ርዝመት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት በቂ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ሰውም ይሸከመዋል። ከላይ ኮምፔንሳቶ፣ ከስር የእንጨት ፍሬም። ከስሩም ከጎኑም ቀለም ቀቡት፤ አንድ ወገን ብቻ የተቀባ እንጨት በደረቅ አየር መጎበጡ አይቀርም።

መሃሉን እንደፈለጋችሁ ሥሩት። ጫፎቹ ግን ሕግ ናቸው። ሐዲዱ ከሰሌዳው የሚወጣው ቀጥ ብሎ ነው፣ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ፣ ከፊት ጠርዝ ልክ 10 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ። የሐዲዱ ከፍታ ከወለል 1 ሜትር። የብሎን ቀዳዳዎቹ ቦታ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ለዚህ አንድ ብረት ቤት ሄዳችሁ አንድ ጠፍጣፋ ብረት አስበሱ፣ ማንም ሰሌዳውን ሲበሳ በዚያች ብረት ላይ አስደግፎ ይብሳ። በሜትር ለክቼ በስቻለሁ የሚለውን አትመኑ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ፉርጎ ይጥላል። ብረቷ የክበቡ ናት፣ ከሊቀመንበሩ ማኅተም የበለጠ ትጠበቅ።

ሽቦው፦ የፊቱ ሐዲድ ቀይ፣ የኋላው ጥቁር፣ በሁሉም ሰሌዳ። ከስር ወፈር ያለ ሽቦ ከጫፍ ጫፍ ይሂድ፣ ሐዲዱም ከሱ ጋር በየግማሽ ሜትሩ በቀጭን ሽቦ ይበየድ። በሐዲዱ ብቻ ኤሌክትሪክ አስተላልፋለሁ ካላችሁ ባቡሩ አሥረኛው ሰሌዳ ላይ ሲደርስ እንደ ሽማግሌ ይዳክራል።

ሙቀቱን አትርሱ። አንድ ሜትር ሐዲድ 25 ዲግሪ ሙቀት ሲጨምርበት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በጠዋቱ ቅዝቃዜ አጠጋግታችሁ ካነጠፋችሁት ከሰዓት ይነሳል፣ ይጣመማል። ስታነጥፉ በየመጋጠሚያው ቀጭን ካርቶን አስገቡና ኋላ አውጡት። ወይ በቀትር አንጥፉት፣ ያኔ ረዝሞ ስለሚሆን ክፍተቱ ብዙ አያስፈልገውም። ኩርባ ስትሠሩ ከ60 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ አትውረዱ፣ ረጅም ፉርጎ ይወድቃል። ዳገት በሜትር ከ2 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ።

ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው። በ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር፤ ይህን ደግሞ ማንም አያነጥፍም። ስለዚህ ጣቢያ ተከፋፈሉ። አንዱ ደወሌን፣ አንዱ አይሻን፣ አንዱ አዲጋላን፣ ሽንሌን፤ በወዲያ በኩል ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ። ድሬዳዋ ጣቢያ የጋራ ነው፣ ሦስት አራት ሰሌዳ ይፈጃል። አዋሽን ሳታስቡበት አትውሰዱ፣ ድልድዩንም ሥሩ ይሏችኋል።

አሸዋ፣ አቧራ፣ መብራት

ለመልክዓ ምድሩ የሚሆን አሸዋ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ሞልቷል፣ በነጻ። ግን ወንፉት፣ ካጠባችሁና ካደረቃችሁ በኋላ ማግኔት በፌስታል ጠቅልላችሁ ደጋግማችሁ አዙሩበት። አሸዋው ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ ሞተሩ ማግኔት ላይ ሄዶ ይለጠፋል፣ ከዚያ ደህና ሰንብች ሎኮሞቲቭ። ነጭ ኮላ በእኩል ውሃ በጥብጡ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፤ ሳሙና ከሌለው አሸዋው ላይ ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። የከዚራን ቀይ አበባ ያላቸው የድሬዳዋ ዛፎች ከቀጭን ሽቦና ከተቀባ ስፖንጅ ትሠራላችሁ። አረንጓዴ አታብዙ፤ ወደ ሽንሌ የሚወስደውን መንገድ ያየ ሰው ይታዘባችኋል።

ከስብሰባ በኋላ ሁሉም ሰሌዳ አንሶላ ይልበስ። ከመንዳታችሁ በፊት ሐዲዱን ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጨርቅ ነክራችሁ ጥረጉ፣ ጎማዎቹንም። የብርጭቆ ወረቀት ማንም እንዳያስነካው፤ የሚተወው ጭረት ቆሻሻ ይይዛል።

መብራት ሲጠፋ የሞተር ሳይክል ባትሪ 12 ቮልት ነው፣ ለዚሁ የተፈጠረ ይመስላል። ከፍጥነት መቆጣጠሪያ ጋር ይሠራል። ግን ከባትሪው አፍ ላይ 2 አምፔር ፊውዝ ግዴታ ነው። አንድ ፉርጎ ሲወድቅ ሁለቱን ሐዲድ ያገናኛል፣ ባትሪው ደግሞ ሽቦው እስኪቀላ ድረስ ይሰጣል።

ቅዳሜ ምን ይሠራል?

ቃለ ጉባኤ አታብዙ። አሥር ደቂቃ ለመዋጮና ለጉዳይ፣ አንድ ሰዓት ለሥራ፣ የቀረው ለመንዳት። ባቡር ያልሄደበት ቅዳሜ እንዳይኖር፤ ሰው የሚመለሰው ለዚያ ነው። መዋጮው እንደ እቁብ ቢሆን ጥሩ ነው፦ ዕጣ የደረሰው በዚያ ወር ለሱ ሰሌዳ ሐዲድ ይገዛለታል። የግልና የክበብ ዕቃ እንዳይቀላቀል ፉርጎው ሆድ ላይ የቀለም ነጥብ አድርጉ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቀለም። ሻይና ሳምቡሳ በሌላ ጠረጴዛ!

ስትነዱ ዝም ብላችሁ አታሽከርክሩ፣ ሥራ ስጡት። ለእያንዳንዱ ፉርጎ ካርድ ጻፉ፦ ጨው ከጅቡቲ፣ ቡና ወደ ወደቡ፣ አትክልት ከድሬ ወደ ጅቡቲ። መስመሩ ነጠላ ስለሆነ በሁለት ጣቢያ መሃል አንድ ባቡር ብቻ ነው የሚገባው። ለዚህ በየሁለቱ ጣቢያ መካከል አንድ አጭር ዱላ ይኑር፤ ዱላውን ያልያዘ ነጂ አይንቀሳቀስም። እውነተኛው ባቡርም በብዙ አገር በዚህ ዘዴ ነበር የሚሄደው። ታዲያ ኤረር ላይ ያለው ዱላውን ይዞ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ አፍደም ላይ የሚነሳውን ጩኸት ትሰማላችሁ፣ አቦ ደስ ይላል።

ሕዝብ ፊት ስትወጡ፣ ትምህርት ቤትም ሆነ አዳራሽ፣ ከሰሌዳው ግማሽ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ገመድ ወጥሩ፣ ለሕፃናት መቆሚያ ሳጥን አዘጋጁ። የጣቢያውን ወይም የጋራዡን ፎቶ ለሥራ ስታነሱ አስቀድማችሁ ደብዳቤ አስገቡና ፈቃድ ያዙ፤ አንድ ሰው ባለ 1 ሜትር ዱላ ይዞ ግድግዳው አጠገብ ይቁምላችሁ፣ ከፎቶው ላይ የሁሉንም መስኮትና በር ልክ ታወጣላችሁ። በኤግዚቢሽን ቀን ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሎኮሞቲቭ ይኑር፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየሩ። ባንድ ሞተር ቀኑን ሙሉ በድሬ ሙቀት ከነዳችሁ ከሰዓት በኋላ ለመጡት ተማሪዎች የምታሳዩት የቆመ ባቡር ነው።