የሸራ ጀልባችሁን ፑሌጃና ገመድ ከመቀየራችሁ በፊት

ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በወረድኩ ቁጥር አዲስ ፑሌጃ (የሸራው ገመድ የሚዞርበትን ጎማ) በፌስታል ይዞ የሚጠብቀኝ ሰው አይጠፋም። «ይህችን ግጠምልኝ» ይለኛል። ዕቃው ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የሚታሰርበት ቦታ ነው።

ፑሌጃን እንጨት ውስጥ በሚገባ ቪቴ ብቻ አትሰሩ! ስንቴ እንደተናገርኩት አላውቅም። ፑሌጃ ገመዱን ወደመጣበት ሲመልሰው፣ ማሰሪያው ላይ የሚያርፈው ኃይል እጥፍ ነው። ገመዱ 40 ኪሎ ቢጎትት ማሰሪያው 80 ይሸከማል። 90 ዲግሪ ብቻ ቢታጠፍ እንኳ ወደ 57 ይደርሳል። ኮምፔንሳቶ ውስጥ የገቡ አራት ቪቴዎች ይህን ለጥቂት ጊዜ ይችሉታል። ከዚያ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ውሃ ይገባል፣ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ከላይ ግን ዕቃው እንዳብረቀረቀ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ጣና ላይ ነበርን። በታንኳ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ወደ ዳር ሲቀዝፉ እያየን አልተመለስንም። ነፋሱ ሲበረታ የወዳጄ አዲስ ፑሌጃ ከነቪቴው ተነቅሎ በጆሮዬ አጠገብ አለፈ። በኋላ ቪቴዎቹን አንስቼ አየኋቸው። ጥርሳቸው ላይ እርጥብ የቡና አተላ የመሰለ እንጨት ተጣብቋል።

ስለዚህ እንጨቱን በትራፓኖ እስከ ታች ብሱት። ቀዳዳውን ከብሎኑ ሰፋ አድርጋችሁ ኢፖክሲ በሚባለው ደርቆ በሚጠነክር ሙጫ ሙሉት፤ ሲደርቅ መልሳችሁ በብሎኑ ልክ ብሱ። ከስር ሰፋ ያለ የአልሙኒየም ቁራጭ፣ ሮንዴላና ዳዶ ይግባበት። ሲሊኮን መቀባት ብቻውን አይበቃም። ብሎኑንም ከከተማ ይዛችሁ ውረዱ።

ናይለን ገመድ ለመልህቅ ይሁን። ስለሚለጠጥ ሸራ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ የያዛችሁት ገመድ፣ ነፋስ ሲመጣ ይረዝማል። ለሸራው ፖሊስተር ግዙ።

ፑሌጃ ማብዛትን በተመለከተ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ክንዴን ላሳርፍ ብዬ፣ በፑሌጃዎቹ መካከል አራት እጥፍ ሆኖ ይመላለስ የነበረውን የሸራ መሳቢያ ገመድ ስድስት እጥፍ አደረግኩት። ሸራውን አንድ ሜትር ለመሳብ ስድስት ሜትር ገመድ መሰብሰብ ሆነ። የባሰው ሲለቀቅ ነው። ድንገተኛ ነፋስ መታን፣ ገመዱን ለቀቅኩት፣ እሱ ግን በየፑሌጃው እየታሸ ቀስ ብሎ ወጣ። ተገለበጥን። የእህቴ ልጅ አብሮኝ ነበር። ላይፍ ጃኬት ባይለብስ ኖሮ ብዬ ዛሬም አስባለሁ። በማግስቱ ወደ አራት መለስኩት።

ገመዱን ነክሶ የሚይዘውን መቆለፊያ ደግሞ ተቀምጣችሁ በምትስቡበት አቅጣጫ ግጠሙት። ገመዱ ተወጥሮ እያለ በአንድ እጅ ማላቀቅ ካልቻላችሁ ንቀሉትና ቦታውን ቀይሩ።

አዲሱን ዕቃ ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ከዳር ሳትርቁ ሞክሩት። ስትመለሱ ዳዶዎቹን በቁልፍ ደግማችሁ አጥብቁ፤ የመጀመሪያው ጉዞ ብዙ ጊዜ ያላላቸዋል።