በዋሻ ውስጥ የቤሪ ሙከራ ሲዛባ፦ ጥፋቱ የዝርያው ነው ወይስ የፕላስቲኩ?

ዋሻ በሚመስል የፕላስቲክ ቤት ውስጥ እንደ እንጆሪና ብሉቤሪ ያሉ የቤሪ ዝርያዎችን የሚያወዳድር ተመራማሪ ከገበሬው ይልቅ አንድ ጣጣ ይበዛበታል። ገበሬው ፍሬውን ካዳነ ይበቃዋል፤ ተመራማሪው ግን የታየው ጉድለት የተክሉ ይሁን የዋሻው መለየት አለበት። ካልለየ ደህናውን ዝርያ ደካማ ብሎ ይመዘግባል።

ጠማማ እንጆሪ

ምልክት፦ ፍሬው በአንድ ጎኑ ሞልቶ በሌላው ይጨማደዳል፤ በተጨማደደው በኩል ዘሮቹ ተጠጋግተው ይታያሉ።

መንስኤ፦ የእንጆሪ ሥጋ የሚያብጠው በዳበረ ዘር ዙሪያ ነው። ዘሩ ሳይዳብር የሚቀረው ብዙ ጊዜ ንብ ስላልደረሰው ወይም ሙቀት ስለበዛበት ነው። አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚያግድ ፕላስቲክ የንቦችን እይታ ያውካል፤ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ደግሞ የአበባው ብናኝ ይዳከማል። ሁለቱን ለመለየት ጠማማዎቹን በቦታ መቁጠር ይረዳል። በበሮቹ አጠገብ ጥቂት፣ መሐል ላይ ብዙ ከሆኑ መጀመሪያ ንብን ይጠርጥሩ። በሁሉም ቦታ ከተዳረሱ፣ አበባው ፈክቶ የነበረበትን ሳምንት የሙቀት መዝገብ ይመልከቱ፤ ከለቀማው አንድ ወር ገደማ ወደ ኋላ ማለት ነው።

መፍትሔ፦ ጎኖቹን በማለዳ መክፈት፣ ቀፎ ማስገባት። ሙቀቱ ከናረ በኋላ መክፈት ለዚያ ቀን አበባ አይደርስለትም።

ሻጋታ

ዋሻው ዝናብን ስለሚከለክል እርጥብ ፍሬ የሚወደው ግራጫ ሻጋታ ይቀንሳል። በዚህ የተደሰተ ሰው ግን ቅጠሉ ላይ ዱቄት መሰል ሻጋታ ሲያይ ይደነግጣል። ይህኛው የረጠበ ቅጠል አያስፈልገውም፣ የታመቀ እርጥብ አየር ይበቃዋል፤ የሚያጥበው ዝናብም የለም። መፍትሔው አየር ማናፈስና የተጨናነቀ ቅጠል ማሳሳት ነው።

የተቃጠለ ቅጠል

እዚህ ላይ የቅጠሉ ዕድሜ ብዙ ይናገራል። ያረጀው ቅጠል ዳር ዳሩ ከደረቀ ጨው ይጠርጠር፤ ማዳበሪያው የሚተወውን ጨው ወደ ታች የሚያወርድ ዝናብ የለም፣ እንጆሪ ደግሞ ጨው ከማይችሉት ሰብሎች አንዱ ነው። በንጹሕ ውኃ አጥቦ ማውረድ፣ ከለቀማ በኋላም ፕላስቲኩን ገፍፎ ለዝናብ መተው ይጠቅማል። ለጋው ቅጠል ጫፉ ከጠቆረ ግን ካልሲየም አልደረሰውም ማለት ነው። አፈሩ ካልሲየም ሞልቶት ሳለም ይህ ይደርሳል፤ አየሩ በእርጥበት ሲታፈን ተክሉ ውኃ ስለማይስብ ካልሲየሙም አብሮ አይወጣም። ስለዚህ ማዳበሪያ ከመጨመር በፊት በሩን ይክፈቱ።

ብሉቤሪ ለጋ ቅጠሉ በአረንጓዴ የቅጠል ጅማቶቹ መካከል ቢጫ ሲሆን የአፈሩን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ይለኩ፤ ከ4.5 እስከ 5.5 መሆን አለበት። ባይካርቦኔት የበዛበት የመስኖ ውኃ ቀስ በቀስ ከፍ ያደርገዋልና ውኃውም ይመርመር።

የሚያጠራጥር ቁጥር

ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር የሚለካው የራሱን ግለት ነው። አየር በሚገባው ጥላ ሥር፣ በተክሉ ቁመት ይሰቀል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን የሙከራው ዕቅድ ላይ ነው። አንድ ዋሻና አንድ ክፍት ማሳ አወዳድሮ፣ በእያንዳንዱ 100 ተክል ስላለ 100 ድግግሞሽ (ራሱን ችሎ የተደገመ ሙከራ) አለኝ ማለት አይቻልም። ድግግሞሹ ዋሻው ነው፤ አንድ ብቻ ነው። ዋሻን ከሜዳ ለማወዳደር በዕጣ የተመደቡ በርካታ ዋሻዎችና ማሳዎች ያስፈልጋሉ። በአንድ ዋሻ ውስጥ ዝርያዎችን ለማወዳደር ከሆነ፣ ከበሩ በእኩል ርቀት ያሉት መደቦች አንድ ብሎክ (እርስ በርስ የሚወዳደር ምድብ) ይሁኑ፤ በየብሎኩም ሁሉም ዝርያ ይኑር። ዳር ላይ ያሉት ተክሎች ፍሬ ይለቀም እንጂ መዝገብ ውስጥ አይግባ።