አንድ ጎማ ብቻ ሲግል፦ የፍሬን ጎማ ቱቦ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አንዱ የፊት ጎማ ብቻ ይግላል፤ የዚያ ጎን ሸራ ከሌላው ቀድሞ ያልቃል፤ መኪናው ፍሬን ከተለቀቀ በኋላም ወደዚያው ይጎትታል። ይህ ሲያጋጥም ብዙ ሰው ቶሎ የሚፈታው ካሊፐሩን፣ ማለትም ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው የፍሬን ዘይት የሚያመጣውን የብረት ቱቦ ከካሊፐሩ ጋር በሚያገናኘው አጭር የጎማ ቱቦ ውስጥ ነው፤ እሱም ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ስለዚህ ካሊፐር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ፈትሹ።

ፍሬኑ ይይዛል፣ አይለቅም

ቱቦው የውስጥ ጎማ፣ ግፊቱን የሚሸከም የተጠለፈ ክርና የውጭ ጎማ አለው። የውስጡ ጎማ ሲያረጅ ይላላጣል ወይም አብጦ መንገዱን ያጠባል። ፍሬን ሲረገጥ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ ዘይቱ እንደምንም ያልፋል። ሲለቀቅ ግን ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ኋላ የሚስበው የካሊፐሩ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) ትንሽ ጉልበት ብቻ ነው፤ ዘይቱን በጠበበው ቀዳዳ መመለስ አይችልም። ፍሬን በድንገት ሲረገጥ ደግሞ ዘይቱ ለታመመው ጎን ዘግይቶ ስለሚደርስ መኪናው መጀመሪያ ወደ ደህናው ጎን ይስባል።

ምርመራው እንዲህ ነው። ሜዳ ቦታ ላይ ለሌሎቹ ጎማዎች ታኮ አድርጉ፣ ካምቢዮውን ፎሌ ላይ አውሉ፣ መኪናውን በክሪክ አንስታችሁ ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ አስቀምጡ። ፍሬን አስረግጣችሁ አስለቅቁና ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ። አልዞር ካለ የካሊፐሩን አየር ማስወጫ ቡሎን በትንሹ ላላ አድርጉ።

ዘይት ፈንጠር ብሎ ጎማው ከተለቀቀ፣ ግፊት ታፍኖ ነበር ማለት ነው። ዘይት ወጥቶም ጎማው እንደያዘ ከቀረ ጥፋቱ የደረቀ ፒስተን ወይም የካሊፐሩ መንሸራተቻ ፒን ነው፤ ቱቦውን አትንኩት። ግፊት እንደነበር ካረጋገጣችሁ ቡሎኑን ዝጉና ፍሬን እንደገና አስረግጡ፤ አሁን የብረት ቱቦው ከጎማ ቱቦው የሚገናኝበትን ዳዶ ላላ አድርጉ። ጎማው አሁንም ካልተለቀቀ ቱቦው ውስጡ ተዘግቷል፣ ይቀየር። ከተለቀቀ ግን ችግሩ ከዚያ ወዲያ፣ በዋናው የፍሬን ፓምፕ ወይም በኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ በሚያደርገው ክፍል) በኩል ነው። አራቱም ጎማዎች አንድ ላይ የሚይዙ ከሆነም ፓምፑን ጠርጥሩ። በተለይ በፍሬን ዘይት ፋንታ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ተጨምሮ ከሆነ ጎሚኒውም ቱቦውም በሙሉ ያብጣል፤ አንድ ቱቦ ቀይሮ መገላገል የለም።

ፔዳሉ ለስላሳ ነው

ብዙውን ጊዜ አየር ነው። አየሩ ወጥቶም ካልጠነከረ፣ ሞተሩ እየሠራ አንድ ሰው ፍሬን ጠበቅ አድርጎ ይርገጥ፤ እናንተ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩ፣ በእጅም ዳብሱ። በአንድ ቦታ ፊኛ እየሠራ የሚነፋ ከሆነ ክሩ ተበጥሷል፤ መኪናው እዚያው ይቁም።

ስንጥቅ፣ እርጥበት፣ መፋቅ

ቱቦውን ጎንበስ አድርጉና እዩት። ስንጥቁ ክሩን የሚያሳይ ከሆነ፣ ቱቦው እርጥብ ከሆነ ወይም በብረቱ ጫፍ ዙሪያ ዘይት ካላበው ይቀየር። በአንድ ጎኑ ብቻ የተፋቀ ከሆነ ከመቀየሩ በፊት ምክንያቱን ፈልጉ፦ ከልክ በላይ ሰፊ ጎማ ወይም የጠፋ መያዣ ክሊፕ ሊሆን ይችላል። አለበለዚያ አዲሱም በዚያው ቦታ ይፋቃል።

አቀያየር

ሁለቱንም የፊት ቱቦዎች አንድ ላይ ቀይሩ። የሚያስፈልገው ግማሽ ሊትር ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት (የፍሬን ዘይት ጋኑ ክዳን ላይ የተጻፈው፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4)፣ ለእያንዳንዱ የካሊፐር ቡሎን (ቱቦውን ካሊፐሩ ላይ ለሚያስረው) 2 አዲስ ሮንዴላና 10 ቁጥር የቱቦ ቁልፍ (ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዝ) ነው። በተራ ክፍት ቁልፍ የብረት ቱቦው ዳዶ ማዕዘኑ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ የብረት ቱቦውም ግዢ ይሆናል። ዝገት ካለ ማላቀቂያ ነፍታችሁ ጠብቁ።

የጎማ ቱቦውን ጫፍ በሌላ ቁልፍ ይዛችሁ ዳዶውን ፍቱ፣ ክሊፑን በፒንሳ ሳቡ፣ በመጨረሻ የካሊፐሩን ቡሎን ፍቱ። ካሊፐሩን ማውረድ ካስፈለገ በሽቦ እሰሩት። በቱቦው ላይ ማንጠልጠልና ዘይት እንዳይፈስ ቱቦውን በፒንሳ መቆንጠጥ የውስጡን ጎማ ይሰብራሉ፤ ከላይ ያለው የመዘጋት ችግር አንዱ መነሻም ይኸው ነው። የሚፈሰው ዘይት ቀለም ስለሚያነሳ አካሉን ከነካ ወዲያው በውሃ እጠቡት።

አዲሱን መጀመሪያ ካሊፐሩ ላይ እሰሩ፤ ሮንዴላ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። የብረት ቱቦውን ዳዶ በጣት አስገቡት፣ ከዚያ ክሊፑ ይግባ፣ መጨረሻ ላይ ይጥበቅ። በብዙ ቶዮታዎች የካሊፐሩ ቡሎን ወደ 30፣ ዳዶው ወደ 15 ኒውተን ሜትር ነው፤ የመኪናችሁ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ያዙ። ብዙዎቹ ቱቦዎች ላይ በቁመት የታተመ መስመር አለ። መስመሩ እንደ ገመድ ከዞረ ቱቦው ተጠምዝዟል፣ ፍታችሁ አስተካክሉት።

አየር ስታስወጡ ጋኑ ባዶ እንዳይሆን፤ ኤቢኤስ ያለው መኪና አየር ከሳበ አንዳንዱ ያለ ኮምፒዩተር አይወጣለትም። ሲያልቅ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ መገጣጠሚያዎቹን እዩ። ካሊፐሩ ጋ የሚያላብ ከሆነ በመጀመሪያ ሮንዴላውን እዩ፤ አሮጌው ተመልሶ ገብቶ ይሆናል፣ ደጋግሞ ማጥበቅ ቡሎኑን ይበጥሳል እንጂ አያደርቀውም። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙራችሁም ቱቦው ጎማውን እንደማይነካና እንደማይወጠር ተመልከቱ፤ ጎማዎቹ ተንጠልጥለውም፣ መኪናው መሬት ላይ ቆሞም። ከዚያ በዝግታ ነድታችሁ ስትመለሱ እጃችሁን ወደ ሁለቱ ቸርኬዎች ጠጋ አድርጉ። አንዱ አሁንም ከሌላው በግልጽ የሚግል ከሆነ ቀጥሎ የሚፈታው የካሊፐሩ ፒን ነው።