ራውት ስትጨምሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ሐዋሳ ላይ ጀማሪ ፕሮግራመሮችን ማለማመድ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ አቤቱታ ሳልሰማ ያለፈ ወር የለም። «ጋሼ፣ ራውቱን ጽፌዋለሁ፤ ግን 404 ይለኛል።» ራውት የትኛው የድረ ገጽ አድራሻ የትኛውን ኮድ እንደሚያስነሳ የሚናገር መስመር ነው፤ 404 ደግሞ «የለም» ማለት ነው። ኮዱን ሳላይ «ወደ ላይ አውጣው» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት የጠየቀኝ ልጅ ግማሽ ቀን ሙሉ የፊደል ግድፈት ሲፈልግ ነበር የዋለው።

የሚሠራው ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ የክፍል መመዝገቢያ ነው፣ ላራቬል በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ። መጀመሪያ «ክፍሎች» የሚል ሪሶርስ፣ ማለትም የተለመዱ ራውቶች ጥቅል፣ አስመዝግቧል። ያቺ አንዲት መስመር ለሰባት አክሽኖች (እንደ ማሳየት፣ መመዝገብና መሰረዝ ላሉ ሥራዎች) ራውት ትወልዳለች። ከሰባቱ አንዱ፣ ሾው የሚባለው፣ ከ«ክፍሎች» ቀጥሎ የመጣለትን ቃል ሁሉ የክፍል መለያ ነው ብሎ ይቀበላል። ልጁ ከዚያ በታች «ክፍሎች/ባዶ» የሚል የራሱን ራውት ጻፈ። ላራቬል ደግሞ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች እየሄደ መጀመሪያ የገጠመለትን ይወስዳል፤ ስለዚህ መለያው «ባዶ» የሆነ ክፍል ፍለጋ ዳታቤዝ ውስጥ ገባ። ከየት ይምጣ? ሌሎቹ ማዕቀፎች፣ ሬይልስና ጃንጎም፣ ጠባያቸው ይኸው ነው። የራሳችሁን ራውት ከሪሶርሱ በላይ ጻፉት፤ መለያውንም ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ገድቡት።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። የሚሰርዝ፣ የሚያጸድቅ ወይም የሚለውጥ አክሽን በጌት (GET፣ ሊንክ ሲከፈት በሚላከው ጥያቄ) አትክፈቱ! ለምን እንደምትከፍቱት አውቃለሁ። በፖስት (POST፣ ፎርም መረጃ በሚልክበት ጥያቄ) ስትሞክሩት፣ ፎርሙ ላይ የደህንነት ቶክኑን፣ ማለትም ጥያቄው ከራሳችሁ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጠውን ምስጢራዊ ኮድ፣ ስለረሳችሁ 419 የሚል ስህተት መጣባችሁ፤ ወደ ጌት ስትቀይሩት ስህተቱ ጠፋ፤ እናንተም ተፈታ ብላችሁ ቡና ልትጠጡ ወጣችሁ። ጌት «አሳየኝ» የሚል ጥያቄ ነው። በዚህ እምነት ሰው ያልነካውን ሊንክ የሚከፍቱ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. ጉግል ድረ ገጽ ለማፍጠን ያወጣው ፕሮግራም ሊንኮችን አስቀድሞ እየከፈተ፣ «ሰርዝ» የሚሉትንም ከፍቶ የሰዎችን መረጃ አጥፍቷል።

ከሰው ስህተት ብቻ የተማርኩ እንዳይመስላችሁ። ለአንድ ማረፊያ በሠራሁት ሲስተም፣ ክፍል የያዘ እንግዳ ሁሉ «ቦታዬን ሰርዝ» የሚል ሊንክ ይላክለት ነበር፤ በጌት፣ እንግዳው በይለፍ ቃል ሳይገባ የሚሠራ። የፊቼ ጫምባላላ ዋዜማ፣ ከተማው ሞልቶ አልጋ በጠፋበት ቀን፣ አንድ እንግዳ ያንን መልእክት እንዳለ ለባለቤቱ በቴሌግራም ላከላት። ቴሌግራም ከሊንኩ ሥር ርዕስና ሥዕል ለማሳየት ገጹን ራሱ ከፈተው። ቦታው ተሰረዘ፤ ክፍሉ ለሌላ ተሰጠ። ሰውየው ማታ ከልጆቹ ጋር ሲደርስ የተደወለው ለእኔ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው እየደወልኩ አልጋ ስለምን አመሸሁ።

ፈቃድ ሌላው ነው። «አዝራሩን ከአስተናጋጁ ደብቄዋለሁ» የሚል መልስ አልቀበልም፤ አድራሻውን የሚያውቅ ሰው አዝራር አያስፈልገውም። ላራቬል ውስጥ ሪሶርሱን በጅምላ የሚጠብቀው የፈቃድ መስመር የሚያውቀው ሰባቱን አክሽኖች ብቻ ነው። ስምንተኛውን ስትጨምሩ በሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ፈቃዱን እዚያው አክሽኑ ውስጥ ፈትሹ።

ለራውቶቻችሁ ስም ስጡ፤ ሊንክ ስትሠሩ በስሙ ጥሩት እንጂ አድራሻ በእጅ አትጻፉ።

ኮምፒውተራችሁ ላይ ሠርቶ ሰርቨር ላይ እምቢ ካለ፣ የራውት ካሹን፣ ማለትም ሰርቨሩ ያስቀመጠውን የራውቶች ቅጂ፣ አድሱ።

የመጨረሻው የእኔ የቆየ በሽታ ነው፤ ሁሉንም ነገር አንድ ኮንትሮለር (አክሽኖች የሚጻፉበት የኮድ ክፍል) ውስጥ ማጨቅ። የዚያ ማረፊያ ኮንትሮለር 23 አክሽን ነበረው። ከዚያ ሌሊት በኋላ ስረዛን የራሱ ኮንትሮለር ያለው ሪሶርስ አደረግሁት። ክሪየት የሚባለው አክሽን በጌት ተከፍቶ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ገጽ ያሳያል፤ ስቶር የሚባለው በፖስት ተቀብሎ ይሰርዛል። ቀድሞውኑ እንዲህ ከፍዬው ቢሆን ኖሮ ቴሌግራም የሚያየው ያንን ጥያቄ ብቻ ነበር።