የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ በሁለት ጥቅል ክር መጠምጠም

ከጅማ ወደ ግልገል ጊቤ ሐይቅ ቆሮሶ ለማጥመድ የሚወርድና ዘንጉን ራሱ የሚሠራ ሰው፣ የማጥመጃው ገመድ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በባለሁለት ቀለም ክር ዘንጉ ላይ ማሰር ከፈለገ፣ ጥቅሎቹን ለየብቻ መወጠር ይኖርበታል፤ በአንድ ማጥበቂያ ከተያዙ አንዱ ሲላላ ሌላው ይከርራልና። እያንዳንዱን ክር በየራሱ ከባድ መጽሐፍ ገጾች መካከል ማሳለፍ ለዚህ ይበቃል። ውፍረታቸው እኩል የሆኑ የናይለን ክሮች ይምረጡ፤ ከልብስ ሰፊ የሚገኘውን የጥጥ ክር እኔ አልመክርም።

የሁለቱንም ጫፍ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሥር ከቀበሩ በኋላ፣ ጥቅሎቹ ባሉበት ሆነው ዘንጉን ብቻ ያዙሩ፤ ክሮቹ የሚጠላለፉት ጥቅሎቹ በዘንጉ ዙሪያ ሲዞሩ ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ መጨረስ ዙሮቹን ስለሚያፈናቅል፣ አንዱን ቀድመው ቆርጠው ጫፉን በሌላው ሥር ይቅበሩ። ከ7 እስከ 8 ዙር ሲቀር የታጠፈ ክር አስገብተው ይጠምጥሙበት፤ ከዚያም የቀረውን ጫፍ በእጥፋቱ አሳልፈው፣ የታጠፈውን ክር በመጎተት ጫፉን ከዙሮቹ ሥር ይሳቡት።